ደብተር አስዘግተው ያስተማሩት የመምህርት «እትዬ ዝጉት» የሕይወት ታሪክ

መምህርት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም.፣ ከማተሚያ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ከስድስት ዓመት በኋላ ተከተልኳቸው።

በልጅነታቸው ማንበብ እምቢ ብሏቸው ሁለተኛ ክፍልን ደግመዋል። የክፍሉ አስተማሪ «የዚች ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም» ብለው ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። እናታችን ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲያስነብቧቸው ከርመው፣ በዓመቱ እንደ እኩዮቻቸው ማንበብ ቻሉ። ያቺን የአስተማሪውን ቃል ግን አልረሷትም፤ እሳቸው ባሉበት ክፍል ማንም በማንም ልጅ ላይ እንዲናገራት አልፈቀዱም።

በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሃያ ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ። የደረሳቸው ክፍል ስድሳ አራት ልጆች የታጨቁበት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የአስተማሪው ድምፅ ከፊተኛው ወንበር የማያልፍበት ነበር። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ሲደርስ ይሸመድዳሉ፣ ከፈተና በኋላ ድራሹ ይጠፋል። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «አሥራ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳውን ነው ያስተማርኩት፤ ልጆቹን አይደለም» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ተሳፋሪ ሁሉ የሚወዳቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም.፣ ገና በአርባ ዓመታቸው፣ ስትሮክ መታቸው። እጃቸው ቶሎ ተመለሰ፤ ንግግራቸው ግን ጠፋ። ማንኪያውን ያውቁታል፣ ይበሉበታል፣ ስሙ ግን አይመጣላቸውም።

መምህርት ከሥራ ሲወጡ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ወዳለችው የንግግር ሕክምና ክፍል እየሮጡ ጥግ ላይ ይቀመጡ ነበር። ባለሙያዋ የማንኪያ ሥዕል አሳይታ ዝም ትላለች። ባለቤታቸው ሲያምጡ መምህርት አላስችል ብሏቸው ሊነግሯቸው ሲሉ፣ ባለሙያዋ እጇን አነሣች። «እባክዎ አይንገሯቸው። እርስዎ ቢሉት ይሰሙታል እንጂ አያገኙትም። ራሳቸው ፈልገው ሲያወጡት ነው አንጎላቸው ውስጥ የሚጸናው» አለቻቸው። የተገኘውንም ቃል እዚያው እየደጋገመች አታሰለቻቸውም፤ በማግስቱ፣ ቀጥሎ በሦስተኛው ቀን፣ ቀጥሎ በሳምንቱ፣ ልክ ሊረሱት ሲሉ ትመለስበታለች።

መምህርት «ይኼ ለጤነኛ ልጅስ ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያዋ «የሁላችንም አንጎል የሚማረው እንዲሁ ነው» ብላ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አዋሰቻቸው። መዝገበ ቃላት ይዘው፣ አንዷን ገጽ ሁለት ቀን እየታገሉ ዘለቁት። የአንጎል ሴሎች አብረው በሠሩ ቁጥር ግንኙነታቸው እንደሚጠነክር፣ እንቅልፍ ቀን የተማሩትን እንደሚያጸና፣ የተሸማቀቀ ልጅ ልቡን ለትምህርት መስጠት እንደሚቸግረው ከዚያ ተረዱ። ባለቤታቸው በሰባተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ «ሾርባው ጨው የለውም» አሉ። መምህርት በደስታ አለቀሱ። ጨው ግን አልጨመሩላቸውም፤ ሐኪም ከልክሎ ነበር።

በዚያው ዓመት ክፍላቸውን ገለበጡት። ገና ከበር ሲገቡ «ደብተራችሁን ዝጉት! ትናንት ምን ተማርን? ባለፈው ሳምንትስ?» ይላሉ። ልጆቹ ያስታወሱትን ጽፈው፣ ደብተር ገልጠው ራሳቸውን ያርማሉ፤ ማርክ የለውም። «እትዬ ዝጉት» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። ወላጆች «በየቀኑ ፈተና ምን የሚሉት ነው!» ብለው ተንጫጩ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «የእርስዎ ልጆች ደብተር ባዶ ነው» ሲሏቸው፣ «ደብተሩ አይደለም እኮ ፈተና የሚቀመጠው» ብለው መለሱ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጡት ተቆጣጣሪ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተስተካከሉ ከማስተማር ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊመደቡ ነው።

በዚያ ክፍል ሦስተኛን ሁለት ጊዜ የደገመች የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። የመሰናበቻ ወረቀቷ ተጽፎ ፊርማ ይጠብቃል። መምህርት ወረቀቱን ከርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንሥተው «ይኼ እኔ ጋ ይቆይ። ዓመቱ ሲያልቅ ወይ አብረን እንሰናበታለን፣ ወይ አብረን እንቀራለን» አሉ። በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ከፊደል ድምፅ ጋር ተያያዙት። ሲጠፋባት አይነግሯትም፤ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቋታል።

ተቆጣጣሪው ሰኔ ላይ ድንገት መጥተው ከሦስት ወር በፊት የተማሩትን ጠየቁ። የጎረቤት ክፍል በቆንጆ ጽሕፈት የሞላ ደብተሩን ታቅፎ ዝም አለ። የመምህርት ልጆች እየተሻሙ መለሱ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅም ተነሥታ፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ አንድ ሙሉ አንቀጽ አነበበች። ተቆጣጣሪው ይቅርታ አላሉም፤ የትኛው ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚከለስ የሚያሳየውን የመምህርትን ሠንጠረዥ ቁጭ ብለው ገልብጠው ሄዱ። የመሰናበቻው ወረቀትም ሳይፈረም ቀረ። በዚያ ዓመት ከሃምሳ ስምንቱ ልጆች ዐሥራ አንዱ ወድቀዋል። መምህርት ይህን ሳይናገሩ ስለ ተሳካላቸው ተናግረው ስለማያውቁ እኔም አላስቀረሁትም።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጡረታቸው ድረስ መምህራን አሠልጥነዋል። አንድ ጊዜ፣ «ንግግር የግራ፣ ሥዕል የቀኝ ነው» እያለ ልጆችን «ባለ ግራ አንጎል»ና «ባለ ቀኝ አንጎል» ብሎ በባለ ቀለም ካርድ የሚከፍል ወጣት አሠልጣኝ መጣ። መምህርት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ባለቤቴን ስትሮክ የመታው አንጎሉን በግራ በኩል ነው። በአንተ ካርድ ቢሆን ዛሬም ዲዳ ነበር፤ እኔን ግን ዛሬ ጠዋት በነገር ሲፈጀኝ ነው ያረፈደው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ካርዱም ሳይታደል ቀረ። ባለቤታቸው በ2002 ዓ.ም. ዐረፉ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ ነገሩን ሊያለዝቡ ሲሞክሩ «ቁርጡን ንገረኝ» አሏቸው። አራት ወይም አምስት ወር እንደቀራቸው ሲሰሙ «እንግዲያው አንድ ሴሚስተር አለኝ» ብለው፣ ሁለት ጀማሪ መምህራን ወደ ቤታቸው አስጠሩ። ማክሰኞና ሐሙስ አልጋቸው አጠገብ ያሠለጥኗቸው ነበር፤ ማስታገሻው ሲያፈዛቸው ሰዓቱን ያዛውራሉ እንጂ አይሰርዙም። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ባለፈው ማክሰኞ ጨርሰው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩን።

ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም በሐዘን ሸኝተናቸዋል። ሁለቱ ጀማሪ መምህራንም እዚሁ ቆመዋል፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባሉ። «በእኔ ቀብር ሰበብ አንዲት ክፍለ ጊዜ እንዳትታጎል» ብለው አስምለዋቸዋል።

የሰጠን አምላክ የእኅቴን ነፍስ በሰላም ማረፊያው ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ያድለን።