ነጩ የጉሬዛ ልጅ

ባኮ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሙሉዬ፣

እዚህ እንደ አምቦ ሹራብ አያስፈልግም፤ ይሞቃል። የማጠናቸው ጉሬዛዎች የሚኖሩበትን ዛፍ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ገበሬ ሊቆርጡት ዛሬ ጠዋት መጡ።

«በቆሎዬን ጨረሱት!» አሉ።

«ኦቦ፣ በቆሎውን የሚበላው ጦጣ ነው፤ የጉሬዛ ምግቡ ቅጠል ነው። እስቲ ቁጭ ብለን እንይ» ብዬ ለመንኳቸው።

እውነትም ጦጣዎቹ ማሳው ውስጥ ሲገቡ ጉሬዛዎቹ ከዛፉ አልወረዱም። ወዲያው አንዷ እንደ ጥጥ የነጣ ልጇን ታቅፋ ብቅ አለች። ኦቦ ዲንሳ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «የአራስ ቤት እንዴት አፈርሳለሁ?» አሉኝ።

ክፍለ ጊዜዬን ስለሸፈንሽልኝ ተባረኪ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ጉሬዛ ነጭ ሆኖ እንደሚወለድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን ገና ዛሬ ነው። አለቀስኩ። ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላለቀብኝ ለተማሪዎቼ አንቺው ንገሪልኝ።

ለንሳ