የካቲትን የማትጠብቅ አንባቢ

ለውድ እታለም፣

ሙቀቱ ጋብ ብሎ የጠዋቱ አየር መቀዝቀዝ ሲጀምር ጉልበትሽን ይቆረጥምሽ ነበርና፣ ከሁሉ በፊት እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ያቺ አጠገብሽ ያለው የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛችው ለፍላፊ ሴትዮ ስለ ልጇ ሹመት አሁንም ታደነቁርሻለች? እኔ ደህና ነኝ። ቶኪዮ እንደ ልማዷ ጫጫታ ናት። ሚስቴም ሰላም ብላሻለች፤ ያዘዝሻትን የሹራብ ክር አግኝታዋለች።

ፖስትካርድሽ ከደረሰኝ ዐሥር ቀን ሆነው። ሁለት መስመር የማይሞላ ነገር ነው፤ እኔ ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። በየወሩ መጽሔቱ ላይ የሚወጣውን የእኔን ታሪክ መጨረሻ እስከ የካቲት መጠበቅ አልፈልግም፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ አሁኑኑ ንገረኝ ነው የምትዪው። አንቺ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ፍንጭ እንዲሰጥሽ ፈቅደሽ አታውቂም። እንዲያውም አንዴ ባልሽ ቶኩሄይ መጨረሻውን ቀድሞሽ አንብቦ ቢያመልጠው፣ ሦስት ቀን ሩዙን ራሱ እንዲቀቅል ፈርደሽበታል።

ፖስታ ቤት ማኅተም መምታቱን ትቼ ደራሲ እሆናለሁ ያልኩ ጊዜ፣ አባባ ከቤቴ ውጣልኝ ሲል የቆምሽልኝ አንቺ ነሽ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሽኝ አንቺ ነበርሽና አባባም ካንቺ ጋር መከራከር አይደፍርም ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፌ ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ፣ ያንቺ ካርድ ግን ገዳዩን አርባኛው ገጽ ላይ ያዝኩት፣ ምነው እንዲህ ቸኮልክ የሚል ነበር። ይኸው ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ጻፍኩ። ተሸለምኩ፣ ተሰደብኩ፣ ፊልምም ተሠራልኝ። ከስምንተኛው በቀር አንዱም አላመለጠሽም። ስምንተኛውን ደግሞ ያሸነፍኩሽ፣ መርማሪው በሟቿ እጅጌ ውስጥ ያገኘውን ወረቀት ለአንባቢ ሳላሳይ ደብቄ ነው። አይ የዚያን ጊዜው ቁጣሽ! ወር ሙሉ ዘጋሽኝ። በመጨረሻ ደውለሽ፣ መርማሪው ያየውን እኔም ማየት አለብኝ፣ አለዚያ ይሄ ብልጠት ሳይሆን ሌብነት ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንባቢ የደበቅሁት ነገር የለም።

አሁን ግን ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። ካርድሽ ከመድረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ልጠይቅሽ ስመጣ፣ ቶኩሄይ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ጠብቆኝ አንድ አደራ አለኝ። ልጅሽ ሳዮኮም አብራው ነበረች፤ አጎቴ፣ አንተ ፊትህ ላይ ያስታውቅብሃልና ተጠንቀቅ ብላ ገሠጸችኝ። አደራው ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ እሺ ብያለሁና። አደራ መባሌን ግን አልደብቅም። ስለዚህ ሙያዬ እንደሚያዘው አደርጋለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ ፊትሽ አስቀምጣለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም።

ሐኪሙ የጨጓራ ቁስል ነው ብሎሻል። በሐምሌ ጨው የበዛበት ነገር እንዳትቀምሺ፣ ሻይሽም ይቅጠን እያለ ይቆጣሽ ነበር። አሁን ያሰኘሽን ብዪ ይልሻል። እኔ በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ ለሙታን በዓል ብቻ የምመጣው ሰነፍ ወንድምሽ፣ በሁለት ወር አራት ጊዜ መጥቻለሁ። ያ ቋጣሪ ቶኩሄይ ደግሞ በእንጨት ሣጥን የታሸገ ሜሎን ይዞልሽ መጣ፤ ወይ ጉድ፣ ለገዛ ሠርጉ እንኳ እንዲህ እጁን አልፈታም! የሳዮኮ ሠርግ ከሚያዝያ ወደ ጥቅምት የተሳበው ሙሽራው ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ ነው ተብለሻል። እኔ ሥራ ፈት ነኝና የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ሊዛወር የታሰበ አስተማሪ የለም። በየመከሩ እየላጥሽ እንዲደርቅ ከጣሪያው ሥር የምታንጠለጥዪውን የካኪ ዛፍ ፍሬም ዘንድሮ ጎረቤትሽ ተረክባዋለች፤ አንቺን ግን ማንም አላማከረሽም።

ያለኝ ይኸው ነው። ካርድሽን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ ከሁላችን ቀድመሽ ደርሰሽበት እንዳይሆን ፈራሁ። አለቀስኩ እታለም። ስልሳ ዓመቱን የደፈነ ሽማግሌ ምን ያፍራል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የገዳዩን ስም እንዲሁ ብጽፍልሽ ኋላ ይቅር አትዪኝም። ስለዚህ ካርድሽ በደረሰኝ ማግሥት ቁጭ ብዬ እስከ የካቲት ሊወጣ የነበረውን ሁሉ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። አርታኢዬ አቶ ኢሺዙካ፣ ያ በየወሩ ሆቴል ክፍል ውስጥ ዘግቶብኝ በር ላይ እየተቀመጠ ገጽ በገጽ የሚቀበለኝ ሰውዬ፣ ሙሉውን ስሰጠው ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሣጥን ልኬልሻለሁ፤ በሣጥኑ ውስጥ ከላይ ያለው የደረቀ የባሕር ሣር ነው፣ ወረቀቱ ከሥሩ ነው። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ቆም ብለሽ ገምቺ። እንዳታጭበረብሪ!

መልስሽን በፖስትካርድ አትላኪ፤ ሳዮኮ ፖስታ ቤት እስክታደርሰው ታነበዋለች። ሠርጉ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። የመጽሐፉን ገዳይ በጆሮዬ ንገሪኝ። ሌላውን፣ እኔ ስሙን ያልጠራሁትን፣ ካወቅሽው ግን ምንም አትበዪ። አንድ ጽዋ ሳኬ ቅጂልኝ። እኔ ተቀብዬ እጠጣለሁ፤ ነገሩ ከአፋችን ስላልወጣ ቶኩሄይም ሰው ፊት ያዋረድነው አይመስለውም።

ደብዳቤ ሲዘጋ ረጅም ዕድሜ መመኘት ወግ ነው። ዘንድሮ ወጉን ልተወው። የሠርጉ ዕለት ሕመሙ ይተውሽ። ምግቡ አፍሽ ላይ ይጣምሽ። የሙሽራ እናት የምትለብሰውን ጥቁሩን ኪሞኖ ማንም ሳይደግፍሽ ራስሽ ልበሺው። ስትቀጂልኝም እጅሽ አይንቀጥቀጥ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ