ሠላሳ አንድ የናሜሌ ቅጠሎች

ለውድ ወንድሜ ለታሶ፤

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ብርቱካን የምትለቅመው መሰላል ላይ ወጥተህ ነው ስላልከኝ፣ እንዳትወድቅ እያልኩ አስባለሁ። አብረውህ ያሉት የመንደራችን ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አለን። የእማዬ ሳል ትንሽ ለቀቅ አድርጓታል። ተራራው ግን ሰሞኑን አመዱን እየነፋብን ያጠራቀምነው የዝናብ ውሃ ኮምጥጧል።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ነገር ነው። ስልኩ ያለው በአጎታችን በቦንግ እጅ ስለሆነ፣ እሱ ፊት ልጠይቅህ አልቻልኩም። አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ።

አባዬን የቀበርን ዕለት አጎቴ የናሜሌ ዘንባባ ቆርጦ፣ መቶ ቅጠል ቆጥሮ በራችን ላይ ሰቀለው። በየጧቱ አንድ አንዱን የምቀነጥሰው እኔ ነበርኩ። ቅጠሉ እስኪያልቅ ከበሮ እንዳይመታ፣ ወንዶቹ ጢማቸውን እንዳይላጩ፣ አባዬ የሚወደውን ቦዬ ማናችንም እንዳንቀምስ ተባለ። አንተም ለቀብሩ መድረስ ስላልቻልክ፣ «በመጨረሻው ቅጠል ቀን እደርሳለሁ፤ ያለ እኔ ሐዘኑን እንዳትፈቱ» ብለህ ለእማዬ በስልክ ማልክላት። እማዬ በዚያ ቃል ነበር የቆመችው።

ረቡዕ ዕለት ሠላሳ አንድ ቅጠል ቀርቶ ሳለ፣ አጎቴ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። «ነገ የጎብኚዎች መርከብ ይመጣል፤ የዓመቱ የመጨረሻ ነው። ከበሮ ካልተመታላቸው ወደ ሌላ መንደር ነው የሚሄዱት» አለ። እማዬ «ልጄ ሳይመጣ?» ስትለው፣ «ደወልኩለት እኮ! ታሶ እሺ ብሏል» አላት። ከዚያ የቀሩትን ቅጠሎች በአንድ እጁ ጨብጦ ዘነጠፋቸው። አንድ ወር ሙሉ፣ በአንድ ጭብጥ። መሬት የወደቁትን ስለቅም «አንቺ ደግሞ ጠራጊ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ወረዱ። ጉዟቸው ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል አሉ። ደሴት ማየት የሰለቻቸው ይመስላሉ፤ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጧል። አንዱ ሰውዬ «ይሄ ደሴት የትኛው ነው?» ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት ሰማሁት። ጉልበት ያላቸው ወደ ተራራው የእሳት አፍ ወጡ፣ የአባዬ ነፍስ ወደገባችበት። የደከማቸው ጭፈራ ሊያዩ ተቀመጡ። እኔንም አበባ ጠምጥመውልኝ ከጨፋሪዎቹ ጋር አቆሙኝ።

ቦዬውን ፍቄ፣ በቅጠል ጠቅልዬ፣ በጋለ ድንጋይ ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዶቹ አንዲት አሮጊት ቀመስ አድርጋ እግሯ ሥር አስቀመጠችው፤ ዶሮዎች በሉት። እሷው ናት ወደ እኔ እየጠቆመች «ይቺ ልጅ ለምን አትስቅም?» ያለችው። አጎቴ «ዓይናፋር ናት!» ሲላት ሁሉም ሳቁ፤ ፎቶም አነሱኝ። ዓይናፋር መሆኔ እውነት ነው ወንድምዬ። ያን ቀን ግን አጎቴ ዓይናፋርነቴን ከእኔ ወስዶ የአባዬን ሐዘን ሸፈነበት።

መርከቡ ሲሄድ አጎቴ የተረፈውን ቦዬ ለየቤቱ አከፋፈለ። ሁሉም በላ። እማዬም ሁለት ጊዜ ጎረሰችና «ታሶ እሺ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔ ግን አልበላሁም። የለቀምኳቸውን ቅጠሎች በቅርጫቴ ደብቄ በየጧቱ አንድ አንድ ባሕር ላይ እጥላለሁ። ዛሬ ሃያ ሰባት ቀርተዋል።

እውነት እሺ ብለሃል? ብለህ ከሆነ በአጎቴ ስልክ አትንገረኝ። ሁሉም በሚሰማበት ማልቀስ አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ እርሻ ለለቀማ የሚነሳው የመንደራችን ነርስ ባል ይዞልኝ ይሄዳል።

እማዬ አምላክ ከመሰላሉ ይጠብቅህ ትልሃለች። አያታችን ዓይኗ ቢደክምም ድምፅህን አልረሳሁም ብላለች። ትንሹ ማሲንግ ኳስ እንዳትረሳ ይልሃል። አጎቴ ቦንግም ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ ይኸው ብዬሃለሁ።

በመጨረሻው ቅጠል ቀን ባሕሩ ዳር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከጀልባው ስትወርድ ምንም አልጠይቅህም። ጢምህን አይቼ አውቀዋለሁ።

እህትህ ሊሲንግ
ምዕራብ አምብሪም፣ እሑድ ኦክቶበር 12 ቀን