አምስት ደቂቃ የተባለው አውሎ ነፋስ

ውድ ከዲሮ፣

በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ደውዬ፣ ሁለቴም ሌላ ሌላ አውርቼ ዘጋሁት። ከሌላ ሰው ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

አሰላ በአንድ ቢሮ የሂሳብ መምህራን ሆነን ስንሠራ፣ አውሎ ነፋስ እንዴት እንደሚነሳና ምን ያህል እንደሚቆይ በስሌት ለማወቅ ስትደክም አይቻለሁ። ከጎበሳ ከተማ ወዲያ ያለው መንደርህ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በመመታቱ እንቅልፍ አጥተህ ነበር። ሽክርክሪቱን የሚመግበው ከታች የሚስበው ሞቃት አየር ነው፤ ዝናቡ ይዞት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እግሩ ሥር ሲደርስ ይሞታል ትለኝ ነበር። ስሌትህ አምስት ደቂቃ አለ። ወንዙን ሳይሻገር ይበተናል አልክ።

እይልኝ ብለህ ሰጠኸኝ። ከዲሮ፣ መሬቱን ሜዳ አድርገህ ነበር የያዝከው። ከመንደሩ በላይ ያለውን ጋራ ሳስገባው ቀዝቃዛው አየር ከጋራው ጀርባ ታገደ፤ ሞቃቱ መግባቱን ቀጠለ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ሃያ ሦስት።

በማግስቱ ልነግርህ ስመጣ፣ ቀበሌው "አምስት ደቂቃ ነው፤ ወንዙን አይሻገርም" የሚል ማስታወቂያ እንደለጠፈ፣ እናትህም እንደኮሩብህ እየሳቅክ አወራኸኝ። "ልክ ነው" ብዬ ፈርሜ መለስኩልህ።

አምና ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋሱ መጣ። ታናሽ ወንድምህ ሀሰኖ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ "ከዲሮ ያለው ነው፤ እዚህ አይደርስም" እያለ ጎረቤቶቹን ሲያረጋጋ ነበር አሉ፤ ነፋሱ ወንዙን ተሻግሮ እዚያው ገደለው።

ለቅሶ የመጣሁ ቀን ከድንኳኑ ውጭ ለብቻዬ ጠራኸኝ።

"ትርፌ፣ ስሌቱ ላይ ስህተት አላየሽም?"

"አላየሁም" አልኩህ።

አመንከኝ። ሥራህን ትተህ መንደርህ ገባህ፤ ስሌቱ ልክ ነው፣ የሀሰኖ ቀን ደርሶ ነው እያልክ ለሰው እንደምታስረዳ ሰማሁ። ማስታወቂያውም ከግድግዳው አልተነሳም። የዘንድሮውን ሙቀትና እርጥበት አስገብቼ ባለፈው ሳምንት እንደገና ሠራሁት። ሠላሳ አንድ ደቂቃ አለ። ሚያዝያ ሊገባ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ትናንት ስሌቱን ለወረዳው ላክሁ። ቀድሜ አውቄ ዝም ማለቴንም ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለእናትህ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ልታባርረኝ ትችላለህ፤ እነግራቸውና እሄዳለሁ።

እስከዚያ ማስታወቂያውን ቅደደው። ጋራው ላይ ከጠቆረ ማንም ወንዝ ዳር እንዳይቆም፤ ሁሉም ትምህርት ቤቱ የድንጋይ ክፍል ይግባ። እናትህን አንተ ደግፈህ አስገባቸው፤ እግራቸው እንደ ድሮው አይደለም።

ትርፌ