ሁሉንም ሰርዝ

ጥር 19፣ ሰኞ

መብራት የመጣው አራት ሰዓት ላይ። እስከዚያ ልብስ አጠብኩ። ከዚያ ሥራ።

አባዬ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ለምሳ መጥቶ ዛሬም ጠየቀኝ። "ይሄ 'ደጅ' የምትሉት ሱቅ በሩ የት ነው?" በር የለውም አባዬ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሰው ጌም ይመርጣል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ያወርዳል። ዊንዶውስ የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ያለውም በዊንዶውስ ፈንታ ነጻውን ሊኑክስ ጭኖ ይጫወታል። "ሰው ለጨዋታ ይከፍላል?" አለኝ። ይከፍላል። አርባ አንድ ጌም አለን። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፣ ወጡን ጨረሰ፣ ወደዚሁ ወደ ጅማ መርካቶ ተመለሰ።

አለቃዬ ናኦድ ከአዲስ አበባ ደወለ። የውጭዎቹ ጌም ሠሪዎች የእሽቅድድም ጌማቸውን በሱቃችን ሊሸጡ ተቃርበዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሊኑክስ ማን ይጫወታል ብለው ሲስቁብን አልነበር? ድምፁ ውስጥ ሠርግ ነበረ።

የማዛወሪያውን ኮድ ጨረስኩ። ሰው ጌሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲወስድ ደጅ አሮጌውን እንዲያጸዳ። ኔትወርኩ እምቢ ሲለኝ በቴሌግራም ለሥራ ባልደረባዬ ለኦሊያድ ላኩለት፤ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ በራሱ ስም አስገባው።

"ሞክረሽዋል?"

"አዎ።"

ሞክሬዋለሁ... እንደነገሩ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ማዛወሪያው ያለበት አፕዴት ወጣ። ደክሞኛል።

ጥር 28፣ ረቡዕ

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። በኋላ ማንበብ መቻሌንም እንጃ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ሳሊሀ ደወለች። "ታቢ፣ ኮምፒውተሬ ባዶ ሆነብኝ።" ትስቅ ነበር። ያላመነ ሰው የሚስቀውን ሳቅ። ባጃጅ ይዤ ኮሌጁ ጀርባ የተከራየቻት ክፍል ሄድኩ።

እውነትም ባዶ። ፎቶ የለ፣ ጽሑፍ የለ። የመመረቂያ ጥናቷ የለም። ድምፆቹ... ሦስት ዓመት ሙሉ የቡ እና ደዶ ወደሚባሉት ቦታዎች እየተመላለሰች የቀዳቻቸው። አሥራ አራት ሽማግሌዎች። የድሮ የቡና ዛፎች ስም፣ ማን እንደተከላቸው፣ ምን እንደሚወዱ። አንዱም የለም።

"ሌላ ቅጂስ?" አልኳት።

በጣቷ አሳየችኝ። ትንሿ ሃርድ ዲስክ እዚያው ተሰክታለች። ዛሬ ጠዋት አዲሶቹን ልትጨምርባት ሰክታት። ከፈትኳት። ባዶ።

"ምን እየሠራሽ ነበር?"

"ምንም። ቦታ ጠበበኝና የጌሙን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ከዚያ ደጅን ከፈትኩ።"

ደጅን ከፈትኩ አለች።

ወዲያው አልገባኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። ወዲያው ነው የገባኝ። አፌ ግን "እስቲ አያለሁ" አለ።

ቤት ገብቼ አሮጌዋን ላፕቶፕ አወጣሁ። የማይረባ ፋይል ሞላሁባት። ሳሊሀ ያደረገችውን አደረግኩ፤ ፎልደሩን ወሰድኩ፣ ደጅን ከፈትኩ። እስከ ሃያ ሳልቆጥር አለቀ። ዓይኔ እያየ።

ኮዱ እንዲህ ነው የሚለው፦ አሮጌውን ቦታ ፈልግ፣ እዚያ ያለውን ሁሉንም ሰርዝ። ቦታው ካልተገኘስ? ስሙ ባዶ ይሆናል። ቦታ ያልተነገረው ኮምፒውተር ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይሰርዛል፤ የተሰካበትንም ጭምር። "ካልተገኘ አቁም" የምትል አንድ መስመር ትበቃ ነበር። ለምን አልጻፍኳትም? መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ቸኩዬ? ... እኔ እንጃ።

ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ። "ከእንግዲህ ቫይረስ አያስፈራሽም" ያልኳት እኔ። ጌሙን ለልደቷ የሰጠኋት እኔ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

አፕዴቱን ከሱቁ አነሳነው። ከሳሊሀ ሌላ አራት ሰዎች ጽፈዋል። አንዱ የሠርጉ ፎቶ ነው የጠፋበት። አንዷ የሟች እህቷ ደብዳቤዎች።

በስልክ ተሰበሰብን። ናኦድ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "ይሄን ማነው የጻፈው?"

የኮዱ መዝገብ ላይ ያለው የኦሊያድ ስም ነው።

"ኦሊያድ፣ እስክናጣራ ድረስ ሥራ አቁም።"

"እሺ" አለ። እሺ ብቻ።

እኔስ? ድምፄን ለመክፈት ጣቴን ስክሪኑ ላይ አስጠግቼ ነበር። ጣቴ እዚያው ቀረ። ስብሰባው አለቀ።

እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሳሊሀ ጋ ዋልኩ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሃርድ ዲስኳ ላይ ስምንት ሰዓት አሠራሁ። የተገኘው ግማሽ ፎቶዎች፣ ፊታቸው የተቆረጠ ሰዎች። ድምፅ ሁለት ሦስት ቁራጭ፤ ሹሹታና ሳል ብቻ።

ሳሊሀ ፍርፍር አመጣችልኝ። አጠገቤ ቁጭ አለች።

"እኔው ነኝ ጥፋተኛ። ፎልደሩን ማን ነካኪ አለኝ?"

ዓይኔን ከፍርፍሩ ላይ አላነሳሁም።

"ወላሂ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ።

ጎረስኩ። ዋጥኩ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ነገርኳት።

በሩ ላይ ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ግቢ ስትለኝ አልገባሁም። ኮዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት። አንድ መስመር ጎድሎት ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"የደወልሽልኝ ዕለት።"

በጣቷ ቆጠረች። "አምስት ቀን። ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"እኔ ራሴን ስሳደብ እየሰማሽኝ።"

"አዎ።"

በሩን ዘጋችው። አላጋጨችውም። ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለናኦድም ጻፍኩለት። መልሱ "ነገ እናወራለን" ብቻ። ለኦሊያድ ደወልኩ። "አውቃለሁ" አለኝ፤ "የላክሽልኝ መልእክት እኮ ስልኬ ላይ አለ።" ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። "እስክትናገሪ እየጠበቅኩ ነበር። ሳልሞክር ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነ ሰው በመጥረቢያ ጀርባ ጭንቅላቴን የመታኝ ይመስል።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። አባዬ ሲመለስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሁሉን ነገርኩት። ናኦድ እንዳላባረረኝ፣ ግን ማንም ሳያየው ምንም እንዳላስገባ እንደከለከለኝም።

"ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅሻት?"

"ጠየቅኳት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... በሩን ዘጋችብኝ።"

"አንዴ ለአንድ ሰው በር አጣምሜ ሠራሁለት" አለ። "ይቅርታ ብዬው ብመጣ በሩ ይቃናል? ሄጄ ነቅዬ እንደገና ሠራሁለት።"

"ይሄ በር አይደለም አባዬ።"

"አይደለም" አለ። "ግን መሄዱ ያው ነው።"

ለሳሊሀ ጻፍኩላት። እንደገና ልትቀጂ ከሄድሽ ልሸከምልሽ፣ ልጻፍልሽ፣ ልቅዳልሽ። አንብባዋለች።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ከሳሊሀ። "ነገ የቡ። ሁለት ሰዓት መናኸሪያ።" ሌላ ቃል የለውም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የቡ ስንወርድ ብቻ "ከጀማለዲን አባ ዲጋ እንጀምራለን" አለች። "ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ረመዳን ሳይገባ ልድረስባቸው።"

አልደረስንባቸውም።

ግቢው በር ላይ ባለቤታቸው አዴ ከድጃ ተቀበሉን። የሐዘን ነጭ ለብሰዋል። ሳሊሀ "አባስ?" ስትል ፊታቸውን አይታ ከመሃል አቆመችው። ጥር ሃያ ሁለት ነው አሉ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ።

"ኢና ሊላሂ" አለች ሳሊሀ፤ ግድግዳውን ያዘች።

እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ጥር 22። ድምፃቸው የጠፋው ጥር 28። ከሞቱ በኋላ ስድስት ቀን ድምፃቸው ነበረ። የሳሊሀ ክፍል ውስጥ፣ ጅማ፣ ደህና ሆኖ ተቀምጦ። ከዚያ እኔ...

አዴ ከድጃ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። የሳሊሀን ቦርሳ ያያሉ። ከዚያ በኦሮምኛ "ሰገሌ ኢሳ ፊዳኒ ዱፍታኒ?" አሉ።

ድምፁን ይዛችሁልኝ መጣችሁ ወይ።

ለልጆቻቸው ነግረዋል። ያቺ የጅማ ልጅ ድምፁን ይዛዋለች፣ አንድ ቀን ታመጣልናለች ብለው። እስከዛሬ ሲጠብቁ ነበር።

ሳሊሀ አፏን ከፈተች። ልትዋሽልኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ልትል። ቀደምኳት። "አናቱ ባሌሴ" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ግን ኮድን በኦሮምኛ ምን እላለሁ? በአማርኛስ? ስቸኩል ሳላጣራ ሠራሁ፣ ጠፋ አልኳቸው። ይቅርታ አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ውጭ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ ያንን ስንሰማ ቆየን።

ከዚያ ተነሱ። ተከተልናቸው። ከቤቱ ጀርባ አሥራ አንድ የቡና ዛፎች አሉ፤ አሮጌ፣ ግንዳቸው ሽበት ያወጣ። ሽማግሌው ስማቸውን ያስቀዱት የእነዚህን ነው። የመጀመሪያው ጋ ቆሙና እጃቸውን ቅርፊቱ ላይ አሳረፉ።

"ባሬሲ" አሉኝ። ጻፊ። ለሳሊሀ ሳይሆን ለእኔ።

ጻፍኩ። ሳሊሀ ቀዳች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... አንዱን "ጉራቻ" አሉት፣ ጥቁሩ፤ አማታቸው ከሩቅ በቅል ተሸክመው ያመጡት ችግኝ ነው። ዘጠነኛው ድረስ ሳያቋርጡ ሄዱ። አሥረኛው ጋ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ወደ አሥራ አንደኛው አለፉ፣ ተመለሱ።

"እነዚህን ሁለቱን እሱ ብቻ ነው የሚያውቃቸው" አሉ።

ሳሊሀ መቅጃዋን አላጠፋችም። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።

ስንሰናበት እጄን ያዙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። "መንገዱን አሁን አውቀሽዋል" ነው ያሉኝ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ብዙ ቀን አልጻፍኩም።

የእሽቅድድሙ ጌም ሰኞ ደጅ ላይ ወጣ። እዚህ ጅማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ ሰው እያወረደው ነው። ናኦድ ሠርግ የደገሰ ይመስላል። ድሮ ቢሆን እኔም እጨፍር ነበር። ደስ አላለኝም ማለት አይደለም... ግን ቁጥሩን ሳይ ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ሰው ድምፅ ይታየኛል። አሁን የቅሬታ ደብዳቤ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ለአራቱም ሰዎች ደውዬ ስሜን ተናግሬያለሁ። ባለ ሠርጉ ሰደበኝ። የእህቷ ደብዳቤ የጠፋባት ዘጋችብኝ። ሁለቱ አደመጡኝ።

ኢዱን የቡ ሄጄ ነበር። አዴ ከድጃ ሁለቱን ስሞች አላስታወሱም። የቡናው አበባ ግን ፈንድቶ፣ ስም ያላቸውም የሌላቸውም እኩል ነጭ ሆነው።

ዛሬ ሳሊሀ የጥናቷን ገጽ ላከችልኝ። ዘጠኝ ስም አለ፤ 10 እና 11 ጎን ባዶ። ከሥሩ "የድምፅ ቅጂው ጠፍቷል" ይላል። ደወልኩላት።

"ማን እንዳጠፋው ጻፊ እንጂ።"

"አንቺን አልጽፍም" አለች። "ባዶውን ግን አልሸፍነውም።"

ስልኩን አልዘጋችም።

"ታቢታ።" ታቢ አትለኝም አሁን። "እሑድ ደዶ እሄዳለሁ። አሥራ ሦስት ሽማግሌዎች ይቀሩኛል። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"ሁለት መቅጃ ያዢ።"

ከሰዓት መርካቶ ወጣሁ። ሦስት ገዛሁ።