ትዘለው የነበረው ክፍል

እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት 4

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከረምክ? ያ ወገብህስ ሻል አለህ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ፣ ዛሬ ስለ ፊልም ልጽፍ ስነሳ ሳትስቅብኝ አትቀርም። ሳቅ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ትናንት ልጃችን ያንን የድሮ የዳንስ ፊልም ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ጠራችኝ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ መንገደኛውና ትኬት ሻጯ የሚደንሱበትን። አንተ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ፊልም አጫዋች ሳለህ፣ እኔ መርፌው ደረቴ ላይ እንደተሰካ ከስፌት ቤት እየሮጥኩ ስንቴ እንዳየሁት አንተው ታውቃለህ።

ሙዚቃው ሲጀምር ልቤ ድንግጥ አለ። እሷ ስትሽከረከር ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ ሲከፈት፣ እሱ ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር መሬት ሳይነካ ሲሻገር! ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው እያሳዩ ነው የሚያስደንሷቸው፤ ማጭበርበር የለበትም።

ልጅህ ግን ምላሷ ያንተው ነው። «እማዬ፣ ሰማዩ እኮ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ነው! ደግሞ እጇን ጎትቶ ሲያስነሳት እሷን ማን ጠየቃት? ሻንጣ ተሸካሚዎቹስ ለምን ጥቁሮች ብቻ ሆኑ? ያ ሽማግሌው ተሸካሚ ከሁሉም በላይ እየደነሰ ስም እንኳ አልሰጡትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ሽማግሌውን ልብ ብዬው አላውቅም። ትናንት ግን ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለ።

ከዚያ መንገደኛውና ትኬት ሻጯ ተጣሉ። «ይሄ እኮ ፊልሙ ላይ የለም!» አልኳት። «ኧረ እማዬ፣ ይኸው እያየሽው!» ብላ ሳቀችብኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «ይሄ የፊልም ጥቅል ያሰለቻል፣ ሰው ተነስቶ ይወጣብኛል» እያልክ ትዘለው ነበር። ለካስ ሰውየው ጥሏት ሄዶ፣ ተመልሶ ይቅርታ የሚጠይቃት እዚያ ላይ ነው።

አልዋሽህም፣ ደካማ ነው። ዘፈን የለው፣ ዳንስ የለው፤ ሰውየውም ይቅርታውን እንደ ተማሪ ነው የሚያነበንበው። ልጃችን አዛጋች። እኔ ግን «እስቲ መልሺው» አልኳት።

እኛ የተጣላን ቀን ምን እንደሚባል ሁለታችንም አላወቅንም። አንተ ሻንጣህን ስታነሳ እኔ ቀና ሳልል የስፌት መኪናዬን እረግጥ ነበር። ንቃኛለች ብለህ ይሆናል የሄድከው። መኪናውን የረገጥኩት ግን የለቅሶ ድምፄን እንዳትሰማ ነበር። የዚያን ቀን የሰፋሁት ሱሪ ሁለቱም እግሩ አንድ ላይ ተሰፍቶ ተገኘ፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ልጃችን በሰኔ መጨረሻ ትመረቃለች። ለወላጅ ሁለት ወንበር ነው የሚሰጡት። ታላቅ እህቴ አንዱን «ለእኔ ስጪኝ» ብላኝ ነበር።

ተይዟል አልኳት።

ጤናህን አያጓድልብህ፣ መንገድህን ያቅናልህ።

የልጅህ እናት