በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ወረቀት

ወንድሜ፣

በሞተርህ ላይ የገጠምኩት አዲሱ የፊት መብራት ፊውዙን ደጋግሞ ያቃጠለው፣ መሪው ሲዞር ሽቦው እየተፋተገ ስለተላጠ ነው።
ብትነግረኝ አየው ነበር።

አንተ ግን በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልለህ ከተትክበት። ሽቦው ከቤንዚን ታንኩ ሥር ሲቀልጥም፣ በጓደኞችህ ፊት «ዲግሪዋን ይዛ የነካካችው እህቴ ናት!» ብለህ አሳቅህብኝ።
እኔም ሻያቸውን ቀዳሁላቸው።

ዛሬ ሽቦውን ቀይሬ በላስቲክ ቱቦ ሸፍኜዋለሁ። ትርፍ ፊውዝ ከመቀመጫው ሥር አለ። የብርሃኑንም አቅጣጫ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ከፊት የሚመጣውን ሰው እንዳያሳውር።

ከእንግዲህ የምኖረው ከታላቅ እህታችን ዘንድ ነው። የቤት ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ታገኘዋለህ።

ጓደኞችህ መብራቱን ማን እንዳስተካከለው ሲጠይቁህ፣ እንደ ልማድህ «እኔ ነኝ» በላቸው።